በቀይ እስክሪብቶ የተመለሱ አራት ፖስታዎች

ዊልፍ ሆልሮይድን ሠላሳ ዓመት አውቀዋለሁ፤ የሚለየን አንድ ግድግዳ ነበር። እዚሁ ኦልድሃም ከተማ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ከሰው አንድ ፓውንድ ተበድሮ አያውቅም። ዛሬ ግን የእኔ የጓዳ ክፍል ተከራይ ነው። ለምን? በገዛ እጁ! ባስታወስኩት ቁጥር ያንገበግበኛል።

አባትና ልጅ አንድ ስም ነበራቸው፤ ሁለቱም ዊልፍሬድ። ሽማግሌው ሲሞቱ ደብዳቤያቸው አልሞተም። ከመድን ድርጅት፣ ከቴሌቪዥን ክፍያ ቢሮ፣ ከጆሮ ክሊኒክ፤ በየሳምንቱ በበሩ ቀዳዳ ይወድቃል። ዊልፍ ያንን ስም ፖስታ ላይ ሲያይ ሆዱ ይባባል። ስለዚህ ሳይከፍት በቀይ እስክሪብቶ «ሞቷል፤ ለላኪው መልሱ» ብሎ ይጽፍበትና መንገድ ዳር ያለው ፖስታ ሳጥን ውስጥ ይጨምረዋል። አልፈርድበትም፤ እኔም ባሌ ሲሞት አድርጌዋለሁ።

እንዲህ ከመለሳቸው አራቱ ግን የአባቱ ሳይሆኑ የራሱ ነበሩ። አባቱን ሊያስታምም ሆስፒታል ሲመላለስ መኪናውን ሰዓት አሳልፎ እያቆመ ኖሮ፣ የመኪና ማቆሚያው ድርጅት ከሶታል። መልስ ሲጠፋ ፍርድ ቤቱ በሌለበት ፈረደበት፤ ሁለት መቶ ስልሳ ፓውንድ።

ይህን ያወቀው የቤት ኪራይ ውሉን ከአባቱ ወደ ራሱ ሊያዞር ሲሄድ ነው። የአከራዩ ወኪል ኮምፒውተሯን አየችና «የዕዳ ፍርድ አለብህ፤ እንዲህ ላለ ሰው አናከራይም» አለችው። የተወለደበትን ቤት! በዚያው ቀን ሄዶ ከፈለ። ምን ዋጋ አለው? በአንድ ወር ውስጥ ያልተከፈለ ፍርድ፣ ኋላ ቢከፈልም ስድስት ዓመት ከስም ላይ አይወርድም። የቀረው ወረቀቱ አልደረሰኝም ብሎ ፍርዱን ማስነሳት ብቻ ነበር። ወኪሏም እስከ ወሩ መጨረሻ ታገሰችው።

«አልደረሰኝም በል፣ አለቀ!» አልኩት አብረን ፍርድ ቤት ስንሄድ።

«ደርሶኝማ ቢሆን አልከፍልም ነበር እንዴ ዶሪን?»

ዳኛዋ ደግ ሴት ናት፤ በትዕግሥት ሰማችው። ልቤ ማረፍ ሲጀምር የድርጅቱ ጠበቃ አራት ፖስታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። ቀይ እስክሪብቶ! እግዚኦ አልኩ በሆዴ።

«ሚስተር ሆልሮይድ፣ ጽሑፉ የማን ነው?»

በእግሬ ነካሁት። ዝም ቢል ምን ነበረበት!

«የኔ ነው» አለ። «የአባቴ መስለውኝ ነው።»

«ከፍተው አላዩም?»

«አልቻልኩም።»

ዳኛዋ ፖስታዎቹን አገላብጣ አየች። «አዝናለሁ። ግን እጅዎ ገብቶ ነው የመለሱት። ፍርዱ ይጸናል» አለች።

እንግዲህ የትም የሚያከራየው ሲያጣ እኔ ጋ ገባ። ከግድግዳው ወዲያ፣ በገዛ ቤቱ፣ አዲሶቹ ተከራዮች ሲስቁ ይሰማል። «አምስት ዓመት ከአራት ወር ቀረኝ» ይለኛል፣ እንደ እስረኛ። ደብዳቤማ አሁን ሳይከፍት አያልፍም፤ የፒዛ ማስታወቂያ እንኳ ከዳር እስከ ዳር ያነባል።

ባለፈው ማክሰኞ እነዚያ አዲሶቹ ተከራዮች አንድ ፖስታ አመጡለት። የጆሮ ክሊኒክ ነው፤ የሽማግሌው መሆኑ ከሩቅ ያስታውቃል።

«አምጣው፣ እኔ ልጣልልህ» አልኩት።

«ተይ ዶሪን። የኔ ቢሆንስ?»

ቁጭ ብሎ ቀደደው፤ ጮክ ብሎም አነበበው። «ውድ ሚስተር ሆልሮይድ፣ ከጠፉብን ቆዩ። ደህና ነዎት?»

የስልክ ቁጥሩ ሳይቀር እስከ መጨረሻው አነበበ። ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰው።