ለሁለት ሌሊት የተላኩ ሽማግሌዎች

ዝናብ የመታው ሸራ የራሱ ሽታ አለው። ዛሬ ጠዋት ከምኖርበት ኮንዶሚኒየም ሥር የለቅሶ ድንኳን ሲተክሉ፣ ያ ሽታ በደረጃው ወጥቶ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ መጣብኝ። ሰው ሁሉ ይህ ሽታ ሲሸተው ሐዘን ነው ትዝ የሚለው። እኔን ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ሐይቅ ነው ትዝ የሚለኝ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩበት ዓመት ነበር። አዲስ አበባ አብነት ሰፈር ውስጥ፣ አንድ ቧንቧ ለብዙ ቤት በሚያገለግልበት ግቢ፣ እኔና አባቴ ሁለታችን ብቻ እንኖር ነበር። እናቴ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ አርፋለች። ግቢው ሊፈርስ ነው ተብሎ ለየቤተሰቡ ምትክ ቤት ተሰጥቶ ነበር፤ ለአንዱ በከተማው በዚህ ዳር፣ ለሌላው በዚያ ዳር። አብረን አፈር ፈጭተን ውሃ ተራጭተን ያደግን ልጆች መስከረም ካለፈ መበተናችን ነው።

የጉዞውን ሐሳብ ያመጣው ከመሃላችን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ስለ ደን የሚማረው ልጅ ነው። ለትምህርት ወንጪ ሄዶ መጣና ስለሐይቁ አውርቶ አልጠግብ አለ። ተራራው መሃል የተኛ ውሃ፣ ዙሪያውን የመንግሥት ጥብቅ ደን፣ ጠዋት ጠዋት ከውሃው ላይ የሚነሳ ጉም። «ሳንበታተን እዚያ ሁለት ሌሊት እንደር» አለ። ቧንቧው አጠገብ ባለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠን በእንጨት መሬቱን እየጫረ መንገዱን ሲያሳየን፣ ልቤ ከዚያ በፊት ለምንም ነገር እንደዚያ ቋምጦ አያውቅም። ዛሬም ቢሆን ያን ያህል የቋመጥኩለትን ነገር ጥቀሺ ብባል ማሰብ ሊኖርብኝ ነው።

ሚኒባስ ተገኘ፣ ማብሰያ ተገኘ፣ ብርድ ልብስ ሁሉም ከየቤቱ አለው። የጠፋው ድንኳን ነው። በሰፈራችን ደግሞ ድንኳን ያለው ማን ነው? ዕድሩ። ለለቅሶ ከሚተከለው ትልቁ ሌላ ለወጥ ቤት የሚሆን አንድ ትንሽ ድንኳን ነበረው። «አንቺ ጠይቂ፣ አንቺን ይወዱሻል» ብለው ወደ ዕድሩ ሊቀመንበር የላኩኝ እኔን ነው። ጥላ ከእጃቸው የማይለይ፣ ኮስታራ ሽማግሌ ነበሩ። ከእናቴ ጋር በአንድ የጽዋ ማኅበር ስለነበሩ ለእኔ ብቻ ፊታቸው ፈታ ይላል።

ጨርሰው ከሰሙኝ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«አባትሽ ያውቃል?»

«ገና አልነገርኩትም።»

«እንግዲያው ተይው። እኔ እነግረዋለሁ።»

ደስ ብሎኝ ሮጥኩ። የመሰለኝ ከቅዳሴ መልስ ልደታ በር ላይ ሲያገኙት ጣል የሚያደርጉለት ነበር። አባቴ መዝገብ ቤት የሚሠራ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ማታ ሲገባ በሩን እከፍትለታለሁ፣ «ሰላም ዋልሽ?» ይላል፣ እራት እንበላለን፣ ሬዲዮ ይሰማል። አንድ ነገር ጠይቄው «እናያለን» ካለ ደግሞ ነገሩ ያለቀለት ነው፤ ታይቶ አያውቅም። እና ከእኔ አፍ ሰምቶ «እናያለን» ከሚል፣ ከሊቀመንበሩ አፍ ቢሰማው ይሻላል ብዬ ነው የተውኩላቸው።

እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ብዙም አልቆየንም። ከመጋረጃው ጀርባ፣ አልጋዬ ባለበት በኩል፣ ልብሴን እየቀየርኩ ነበር። በሩ ተንኳኳ። አባቴ ከፈተ። በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁ፤ ሊቀመንበሩና ሌሎች ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው ደጃፉ ላይ ተሰልፈዋል።

የአባቴ ፊት አመድ መሰለ። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ አለባበስ የሚመጣ ሰው መርዶ ነጋሪ ነው። ጅማ የሚኖር ታናሽ ወንድሙ ታሞ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን።

«ወንድሜ ነው?» አለ፣ መቃኑን ይዞ።

«የለም የለም፣ ለደግ ነው የመጣነው» አሉ ሊቀመንበሩ ፈጠን ብለው።

አባቴ ትንፋሹን ለቀቀና ወንበር ሳበላቸው። አልተቀመጡም። እንደ ወጉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉት። ይኸኔ እኔም ከመጋረጃው ጀርባ ቀጥ አልኩ። ሰው ቤት ገብቶ አልቀመጥም የሚል ሽማግሌ ለምን እንደሚመጣ አገር ያውቃል። ሊቀመንበሩ የሴት ልጅ ውጭ ማደር መንገድ ላይ ቆመው የሚናገሩት ቀላል ነገር ስላልመሰላቸው፣ በደንብ ላስፈቅድላት ብለው ነበር ሁለት ሰው ጨምረው የመጡት። አባቴ ይህን ከየት ይወቅ? ወጥቼ «አይደለም» ልበል አልኩ። ሽማግሌ ፊት ዘልዬ እንዴት ልግባ? ደግሞስ ምኑን ነው አይደለም የምለው? እዚያው ከመጋረጃው ጀርባ ቀረሁ።

ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ አባቴ እጁን አነሳ።

«የመጣችሁበት ገብቶኛል። ይቅርታችሁን፣ አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል።»

ውጭ ቧንቧው ባልዲ ውስጥ ሲወርድ ይሰማል።

«እናቷ ስትሞት ይቺ ልጅ ጸጉሯን መጎንጎን አትችልም ነበር። እኔም አልችልም። ጎረቤት እየሄድኩ እያየሁ ተማርኩ፤ ጎንጉኜ ትምህርት ቤት ስልካት ልጆቹ ይስቁባት ነበር መሰለኝ፣ አንድ ቀን አልነገረችኝም። ማታ በሩን የምትከፍትልኝ እሷ ናት። እኔ ደግሞ የአፍ ሰው አይደለሁም፤ ሰላም ዋልሽ ከማለት ሌላ ምንም ብያት አላውቅም። ያቺኑ ለማለት ነው ግን ቀኑን ሙሉ የምውለው።» ያነሳውን እጅ አወረደ። «አልከለክልም። እሷ ከፈቀደች አልከለክልም። ግን ትንሽ ጊዜ ስጡኝ። ቤቱን ያለሷ ልልመደው።»

መጋረጃውን ጨምድጄ ይዤ ነበር። ልጆቹ ይስቁብኝ ነበር፣ እውነቱን ነው። ማወቁን ግን አላውቅም ነበር። ለቅሶዬ እንዳይሰማ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ወተፍኩ።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። አንደኛው መሬት መሬት አየ። ሊቀመንበሩ ጥላቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ፣ መለሱት። እንደዚያ ሲጨነቁ አይቼያቸው አላውቅም።

«ወንድሜ፣ እኛ እንኳ የመጣነው ለሌላ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ልጆቹ ሐይቅ ዳር ድንኳን ተክለው ሊያድሩ አስበው... እኔ እነግረዋለሁ ብያት፣ እሷም እንድትሄድ ፈቃድህን ልንጠይቅ ነው።»

«ድንኳን?» አለ አባቴ። «ማን ሞቶ?»

«ማንም አልሞተም። ለሽርሽር ነው። ሁለት ሌሊት።»

«ሁለት ሌሊት ብቻ?»

አሁን ሳወራው የሚስቅ ሰው አለ። እኔም አንዳንዴ እስቃለሁ። የዚያን ዕለት ግን በዚያች ክፍል ማንም አልሳቀም። አባቴ፣ በቢሮው እንኳ ሁለት ቃል የማያወጣው ሰውዬ፣ በሦስት ሰው ፊት ሆዱን ዘርግፎ ባዶ እጁን ቆሟል። ጆሮው ሲቀላ በቀዳዳው ይታየኝ ነበር። ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። ያባርራቸዋል አልኩ። ጉዞውስ አከተመ፣ አባቴን ነው የማጣው ብዬ ፈራሁ፤ ከእንግዲህ ዓይኔን አያየኝም አልኩ።

«አልከለክልም ብያለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ቁጭ በሉ እንግዲህ።»

ተቀመጡ። ሻይ አፍልቼ ሳቀርብ ማንም ቀና ብሎ አላየኝም።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ሳምንት አያድርስ ነው የምለው። አባቴ ሲገባ በር እከፍታለሁ፣ ሰላም ዋልሽ ለማለት አፉን ይከፍትና ይተወዋል። ያቺ ቃል ምን ማለት እንደሆነች አሁን ሁለታችንም እናውቃለንና። ሦስተኛው ቀን ላይ አልቻልኩም። ሳህን እያነሳሁ «አባዬ፣ እኔ ልቅር። መሄዱን ትቼዋለሁ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «ሽማግሌ ፊት ቃል ሰጥቻለሁ። ትሄጃለሽ» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሬዲዮውን ዝቅ አድርጎ፣ «ውሃው ይጠልቃል እንዴ?» አለ። ዳር ዳሩን ነው የምንሆነው አልኩት። እስክንሄድ ድረስ ያንኑ ጥያቄ ሲመላልስብኝ ሰነበተ። የጉዞው ዋዜማ ላይማ ደን የሚማረውን ልጅ ግቢ ውስጥ አስቁሞ ጠየቀው።

ሄድን። ያሰብነው ሁሉ ሆነ፤ ጉሙም ነበረ፣ ጥዱም ይሸት ነበር፣ ወጥ ቤት የነበረው ድንኳን የበርበሬ ሽታውን ይዞ ሐይቅ ዳር ቆመ፣ ሌሊት ዝናብ መታን። ልጆቹ እስኪደክማቸው ተጫወቱ። እኔ ውሃው ዳር ቁጭ ብዬ አባቴ አሁን በሩን ራሱ ከፍቶ ገባ እያልኩ አስብ ነበር። ስመለስ መሽቷል። ሳላንኳኳ በሩ ተከፈተ።

«ሰላም ዋልሽ?» አለኝ።

«ሰላም ዋልኩ አባዬ» አልኩት።

ግቢው ፈረሰ። ሁላችንም በየፊናችን ሄድን፤ አንዳንዶቹን ካየኋቸው ዓመታት አልፈዋል። አባቴም አዲሱን ቤት ብዙ ሳይኖርበት አረፈ። እኔን ለትዳር ለመጠየቅ እውነተኛዎቹ ሽማግሌዎች ሲመጡ የተቀበላቸው የጅማው አጎቴ ነው። እንደ ወጉ ቆሙ፣ እንደ ወጉ ለመኑ፣ አጎቴም እንደ ወጉ ከዘመድ እንመካከራለን ብሎ ቀጠሮ ሰጣቸው። ደህና አድርጎ ነው የተናገረው፣ ምንም አልጎደለበትም።

እኔ ውስጠኛው ክፍል ከጓደኛዬ ጋር ተቀምጬ ነበር። እንባዬን ስታይ አዝና እጄን ያዘችኝ። «አባትሽ ይህን ቀን ቢያይ፣ ምን ይላቸው ነበር?» አለችኝ።

ቃል በቃል ነገርኳት።