ይምጡ ወይስ ይቅሩ

ስድስት ኪሎ፣ በማስተምርበት ኮሌጅ፣ እንግዳ ተናጋሪ የሚመርጠው ኮሚቴ ውስጥ ያስገቡኝ ጨዋታ አዋቂ ነው ብለው ነው። አራዳ ያደገ ሰው ከማንም አይጣላም መሰላቸው።

ተማሪዎቹ እንዲጋበዙ የጠየቁት ሽማግሌ ስለ አገር ታሪክ የሚናገሩ ናቸው። ግማሹ ተማሪ እውነት ተናጋሪ ይላቸዋል፤ ግማሹ ወገኔን ሰድበዋል ይላል። የኮሚቴው አባላትም ሁለቱ ይምጡ፣ ሁለቱ ይቅሩ ብለው ተከፈሉ። አምስተኛው እኔ ነኝ። ሰብሳቢያችን እስከ ነገ አስብበት ብላ ለቀቀችኝ።

ፒያሳን አልፌ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ስደርስ ስልኬ ጠራ። የማላውቀው ሰው ነው፤ ትሕትናው ለጉድ ነው።

«ሰውየው ከመጡ በር ላይ እንጠብቅሃለን» ብሎ ዘጋው።

አማርኛ አስተማሪ ነኝ። መጠበቅ ዘብ መቆምም ነው፣ አድብቶ መቆየትም ነው። ይህን ለተማሪ ሳስረዳ እኔንም ያስቀኛል። ድልድዩ ላይ ግን አላሳቀኝም። መልሼ ብደውል ስልኩ ተዘግቷል። ዶሮ ማነቂያ ቤቴ እስክገባ ድረስ ከኋላዬ የመጣውን ሁሉ ቆሜ አሳለፍኩ።

ባለቤቴ ጥበቃ ሊመድቡልህ ይሆናል ብላ አጽናናችኝ። ወዲያው ግን በጠራራ ፀሐይ በሩን ቆለፈችው። ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ የእኔ እናት ከሞተች ቆይታለች፣ ለማን እንደምተርፍ እንጃ።

በማግስቱ ስለ ስልኩ ለኮሚቴው ነገርኩ። ሰብሳቢያችን ለሚመለከተው አካል አሳውቃለሁ አለች። የሚመለከተው አካል ማን እንደሆነ የጠየቀ የለም። እኔ ግን ሌላ ነገር አስፈራኝ፤ ዛሬ ይቅሩ ብል፣ ከእንግዲህ ተናጋሪ የሚመርጥልን ያ ደዋይ ነው። ይሄኛው ፍርሃት ከትናንቱ ባሰ። ይምጡ አልኩ። ድምፄ ስላልወጣ ሰብሳቢያችን ድገመው አለችኝ፤ ደገምኩት።

ደውሎ ማብሰሩም ለእኔ ተሰጠኝ። የሆነውን ሁሉ ሳልደብቅ ለሽማግሌው ነገርኳቸው። መድረክ ላይ የሚያስገመግመው ድምፃቸው ቀጥኖ መጣ።

«ልጄ፣ ከመኪና ወርጄ አዳራሽ እስክገባ አብሮኝ የሚሄድ ሰው ይኖራል?»

ስልኩን በሁለት እጄ ያዝኩት።

«እኔ አለሁ፣ አባቴ» አልኳቸው።