የባንዲራዋ አዛዥ አንዳርጋቸው

የጎንደር ማራኪ ሰፈር ሰው ሆይ፣ ጆሮ ያለህ ስማ፤ ጆሮህን በቩቩዜላ ያደነቆርህም ከጎረቤት ጠይቀህ ስማ! በቆርቆሮ ቤት የተማሪ ጸጉር የሚቆርጠው አንዳርጋቸው፣ ከዛሬ ቅዳሜ ጀምሮ የኮሌጁ ኳስ ሜዳ የመስመር ዳኛ፣ የአንዲት ቢጫ ጨርቅ ባለሙሉ ሥልጣን አዛዥ ሆኖ ተሹሟልና ክብሩን የነካ ወዮለት።

ባለሹመቱ ግን ሹመቱን አልፈለገውም። ከእሱ በፊት ጨርቋን የያዘው አወቀ የሚባል ሰው ነበር። አወቀ አንድ ቀን ባለሜዳዎቹን ከጨዋታ ውጪ ናችሁ ብሎ ባንዲራ ቢያነሳ፣ ደጋፊው ድንጋይ አልወረወረም። ግጥም ገጠመለት። ድንጋይ ቢሆን በተሰፋና በዳነ፤ የጎንደር ግጥም ግን ስፌት አያውቅም። የሚኒባስ ረዳት አዜመበት፣ በገዛ ልጁ ሠርግ ሚዜዎች አዜሙበት፣ በመጨረሻ ጓዙን ጠቅልሎ ከጎንደር ወጥቶ ጠዳ ገባ። ግጥሙ ጠዳም ቀድሞት ደርሶ ነበር።

አንዳርጋቸው ይህን ያውቃል፤ ስለዚህ ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ። ሚስቱ የትነበርሽ፣ ምነው ታመምሁ ብትል ብላ መክራው ነበር። ጠዋት ደግሞ የደጋፊው ግጥም አውራጅ፣ ኢዮስያስ የሚሉት ተማሪ፣ ሊላጭ መጣ። ምላጩ ያረፈው በኢዮስያስ አንገት ላይ ነው፤ የሚንቀጠቀጠው ግን ባለምላጩ።

«አያ አንዳርጋቸው» አለው ኢዮስያስ በመስታወቱ እያየው፣ «ስምህ ለግጥም ሸጋ ነው። ቤት ለመምታት አያስቸግርም።»

ከሰዓት በኋላ ሜዳው ጢም አለ። ክፍል ውስጥ ስሙ ሲጠራ አቤት የማይል ተማሪ ሁሉ እዚያ ጉሮሮው እስኪበጠስ ይጮኻል። ከበሮው፣ ጡሩምባው፣ በዱላ የሚደበደበው ባዶ ጀሪካን፣ ሁሉም ከአንዳርጋቸው ማጅራት ሥር ነው። ጩኸቱን የሚሰማው በጆሮው ሳይሆን በጎድን አጥንቱ ነበር። ዞሮ እንዳያይ ዓይኑ ከሜዳ መነቀል የለበትም። ከእንፍራንዝ የመጡት እንግዶች ኳስ በነኩ ቁጥር ጩኸቱ ይወፍራል።

አንድ ለአንድ እንደሆኑ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል፣ የባለሜዳዎቹ አጥቂ ሀብተሥላሴ ከተከላካዮቹ ሁሉ አልፎ ብቻውን ቆሞ ኳስ ተቀበለ። አንዳርጋቸው አየ። አላየሁም ሊል የማይችለውን ያህል አየ። ግን ባንዲራዋን ጭኑ ላይ ለጥፎ፣ ፍርዱን ለእግዜር ተወ። ኳሷ መረብ ገባች።

ያኔ ከኋላው ያ ሁሉ ጉሮሮ ባንድ ጊዜ ፈነዳ። አንዳርጋቸው ሰማይ የተናደበት መሰለው፤ ጭንቅላቱን ሊከልል ሁለት እጁን ወደ ላይ ወረወረ። ባንዲራዋ እጁ ላይ ነበረች።

የመሐል ዳኛው ባንዲራዋን አይቶ ፊሽካ ነፋ።

ሜዳው ጭጭ አለ። ዝምታው ከጩኸቱ ይልቅ አስፈራው። ዳኛው ሮጦ መጣና፣ «እርግጠኛ ነህ? ካልሆንህ አሁኑኑ በለኝ፣ ጎሉን አጸድቀዋለሁ» አለው።

እጄ አምልጦኝ ነው ቢል ይድናል። ሊልም አፉን ከፈተ። የእንፍራንዙ የኋላ ተከላካይ ግን ክንዱን እንዳነሳ ቆሞ ያየው ነበር፤ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል እውነቱን አብሮት ያየ እሱ ብቻ ነው።

«በአንድ ሙሉ ሰው ቀድሟል» አለ አንዳርጋቸው። ዳኛው ጎሉን ሻረ።

ከጀርባው አንዲት ከበሮ ቀስ ብላ መመታት ጀመረች። የግጥም ቤት ስትፈልግ እንዲህ ነው የምትመታው። ከዚያ የኢዮስያስ ድምፅ ወጣ፦

«ፍርሃት እጁን ይዞ ባንዲራ አስነሳው…»

ሁለተኛው ስንኝ እዚህ አይጻፍም፤ በስሙ ማለቁን መናገር ይበቃል። አንባቢ ሆይ፣ አንተም ማራኪን ከረገጥህ ሳትሰማው አትቀርም። እንግዲህ እሁድ ጠዋት አንዳርጋቸው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ ነጠላውን እስከ ቅንድቡ ተከናንቦ በአጥር ጥግ ጥግ ሲሄድ ብታገኘው፣ ዜማውም ሳታስበው ምላስህ ላይ ቢመጣብህ፣ እባክህን…