ከጨርቁ ላይ ያየሁት

ሁለተኛው ልጄ ከተወለደ ጀምሮ የሽንት ጨርቁን ሳላየው አጥቤ አላውቅም። ጠዋት ጠዋት ብርሃን ወዳለበት ወደ በራፉ ወስጄ ዘርግቼ አየዋለሁ። ጡት ብቻ ሲጠባ ሰገራው እንደ ቀጠነ ሽሮ ቢጫ ነበር። አጥሚት መቅመስ ሲጀምር ወፈር አለ፣ ሽታውም ተለወጠ። በሰፈራችን የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ሕፃን ሆዱ እንዴት እንደሆነ መናገር ስለማይችል ሰገራውን እዪለት ብላኝ ነበር። ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩምና የሰማሁትን አጥብቄ እይዛለሁ። አብረውን የሚኖሩት አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ግን ይስቁብኝ ነበር። "የበግ ሞራ የሚያነብ አውቃለሁ፤ የልጅ ጨርቅ የሚያነብ ግን በአንቺ አየሁ" ይሉኛል።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ባለቤቴ ድንች ሊሸጥ ግምጃ ቤት ከተማ ሄዶ ነበር። ልጁ ጠዋት ድንገት ማልቀስ ጀመረ። እግሮቹን ወደ ሆዱ ሰብስቦ ይጮኻል፤ ከዚያ ምንም እንዳልነካው ዝም ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይጀምራል። ጡት ሰጠሁት፤ አስመለሰው። ጨርቁን ስፈታው ቢጫው የለም። ደም ከንፍጥ ጋር ተለውሶ፣ ረግቶ ተቀምጧል። ተቅማጥ አውቃለሁ፤ ትልቋን ልጄን ስንቴ አስታምሜያታለሁ። ይህ ግን ተቅማጥ አልመሰለኝም።

አማቴ የልጁን አፍ ከፍተው ድዱን በጣታቸው ዳሰሱና ግግ ነው አሉ። በእኛ አገር ሕፃን ሲያስቀምጠው፣ ያመመው ድዱ ውስጥ ያለው ያልበቀለ ጥርስ ነው ተብሎ ይፈለፈላል። የምታወጣው ሴት ከገበያው በታች ስለምትኖር ትጠራ አሉ። የባለቤቴም የእህቶቹም የወጣው በእሷ እናት እጅ እንደሆነ ነገሩኝ። ክፋት የለባቸውም፤ የልጅ ልጃቸው ነው። እኔ ግን ጤና ጣቢያ ካልወሰድኩት ብዬ ድርቅ አልኩ። ስንነታረክ ልጁ እንደገና ጮኸ፤ ከዚያም ላብ አጥምቆት ክንዴ ላይ ዝልፍልፍ አለ። ያኔ አማቴ ተነሺ አሉኝ።

ጋሪ ጠርቼ ስመለስ ጨርቁን አጥበው፣ ልጁን አጣጥበው፣ የክት ልብሱን አልብሰውት ጠበቁኝ። ሰው ፊት ቆሻሻ ይዞ መቅረብ በእሳቸው ዘንድ ነውር ነው። ጨርቁን ገመድ ላይ ተሰጥቶ ሳየው ለሐኪም የማሳየው ነገር እንደጠፋ ገባኝ፤ ግን መናገሩ ምን ይጠቅማል? ወጣን።

ጤና ጣቢያው ስንደርስ ልጁ ጋብ ብሎለት ነበር። ኮፍያውን አድርጎ፣ ንጹሕ ሆኖ ሰው ያያል። መርማሪው ምን ሆነ ሲለኝ ደም አልኩት። ምን ያህል? ከሰገራው ጋር ነው ወይስ ለብቻው? ደማቅ ነው ወይስ የጠቆረ? ያየሁትን የሚያህል ቃል አጣሁ።

"ጨርቁን ይዘሽዋል?"

"አጥበነዋል ልጄ፤ አንድ እድፍ የለበትም" አሉት አማቴ፣ ደስ እንዲለው።

ክዳን ያላት ትንሽ ዕቃ ሰጠኝና ሲያወጣ አምጪው አለኝ። አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ልጄን እንዲያ ለምኜው አላውቅም። አጠገባችን የተቀመጠች ሴት፣ የእሷ ልጅ ቢሆን ሳይለመን አግዳሚውን ሁሉ ያዳርሰው እንደነበር ነግራን ሰዉን አሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ለቅሶው እየደጋገመ መጣ። አማቴ ሆዱን በቅቤ ልሸው ብለው እጃቸውን ሲዘረጉ ያዝኳቸው። ልብሱን ገልጬ ስዳስሰው በስተቀኝ በኩል የጠጠረ ነገር እጄ ላይ መጣ።

በመጨረሻ ጥቂት አወጣ። ያው ነበር፤ ማርማላት የመሰለ ደም። ዕቃዋ ትዝ አላለችኝም፤ ከነጨርቁ ይዤ ተራውን ጥሼ ገባሁ። መርማሪው ጨርቁን አየ፣ የልጁን ሆድ ዳሰሰ፣ ከወንበሩ ተነሣ።

"ጠዋት ያየሽው ይህንኑ ነው?"

"ይህንኑ ነው።"

"ምንም እንዳትሰጪው፤ ጡትም ቢሆን" አለኝና አምቡላንስ ሊያስጠራ ወጣ።

ሆስፒታሉ ወዳለበት ወደ ቆሰበር ከተማ ስንሄድ ልጁ ማልቀሱን እየተወ ነበር፤ ይሄ ከለቅሶው ይበልጥ አስፈራኝ። ለባለቤቴ ደጋግሜ ደወልኩ፤ ኔትወርክ የለም። ሆስፒታሉ ስንደርስ በአልትራሳውንድ አዩትና ሐኪሟ የጋወኗን እጅጌ ወደ ውስጥ ሰብስባ አሳየችን። አንጀቱ እንዲህ በራሱ ውስጥ ገብቷል፤ ቶሎ በቀዶ ሕክምና ካልተመለሰ ደም ያጣውና ይሞታል አለችን። ፈርሚ አለችኝ።

አማቴ ከፊቴ ቆሙ። "አባቱ ሳይሰማ ሆዱን ልትቀድዱት?"

"እማማ፣ አባቱን ከጠበቅን አንጀቱ ይሞታል" አለቻቸው ሐኪሟ።

አማቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው በአገውኛ ሲጸልዩ ቆዩ። ሲጨንቃቸው አማርኛው ይጠፋቸዋል። ከዚያ ዞረው፣ "ፈርሚ እንግዲህ፤ ልጄ ቢቆጣ እኔን ይቆጣ" አሉኝ።

አንጀቱ ሳይሞት ደረሱለት። ግን በዚያ አላበቃም። ሆዱ እስኪሠራ ድረስ ምንም አይቀምስም ተባለ። ጉሉኮሱ ይንጠባጠባል፤ ልጁ ደረቴን በአፉ ይፈልጋል፤ ጡቴ ሞልቶ ቀሚሴን ያርሰዋል። ከግምጃ ቤት የደረሰው ባለቤቴ ልጁ ጡቴን እንዳያይ ይዞት መስኮቱ ጋ ይቆማል። አማቴ በየሰዓቱ ጨርቁን ገለጥ አድርገው ያያሉ፤ ባዶ ነው።

አንድ ረፋድ ላይ ጨርቁ ከበደኝ። ስፈታው ጥቁር፣ ዝልግልግ ያለ ነገር ነበር። አማቴ ነርሷን ሊጠሩ ሮጡ። ነርሷ መጥታ ጎንበስ ብላ ስታየው ፊቷን ፊቷን አያለሁ። ውስጥ የቀረው አሮጌ ደም ነው፣ መንገዱ ተከፍቷል ማለት ነው አለችን። ሐኪሟን ጠይቃ ተመለሰች።

"አጥቢው፤ በትንሽ በትንሹ።"

ባለቤቴ ልጁን አቀበለኝ። ልጁ በሁለት እጁ ጡቴን ይዞ በድዱ ነከሰኝ፤ አመመኝ፤ አላስለቀቅሁትም።