ቦቱ ስለ ትርንጎ ሲጠየቅ

ወደ እስራኤል ብለን ከወገራ የወጣን ለት ማታ ታላቅ እህታችን እትዬ ወለላ እስከ ወንዙ ሸኙን። ባላቸው ታሞ ስለነበር እሳቸው ቀሩ። ታናሻችንን ትርንጎን ከጡት በቀር ሁሉን ሰጥተው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ እጇን እጄ ላይ አድርገው "አደራ" አሉኝ። ትርንጎን ሱዳን ላይ ውኃው ገደላት። እኔና ባሌ አሸዋ ውስጥ ቀበርናት።

እስራኤል ስንገባ ጸሐፊው በአስተርጓሚ ስንት ናችሁ አለን። ሦስት አልኩት። ቢቆጥር ሁለት ሆንበት። ሦስተኛዋስ ቢለኝ፣ ምን እንዳስባለኝ እንጃ፣ ትመጣለች አልኩት። "ስትመጣ ሦስት እላለሁ" ብሎ ሁለት ጻፈ።

እናንተ አገር ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ መርዶ ዘመድ ተሰብስቦ ነው የሚነገር፣ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። የስልክ ጊዜ መጥቶ እትዬን ባገኘኋቸው ቀን ብቻቸውን ነበሩ። "ትርንጎስ?" አሉኝ። ሩቅ ከተማ ትሠራለች አልኳቸው። በዚያች ቃል ላይ ፀጉሬ ሸበተ።

አሁን ፔታ ቲክቫ ከተማ፣ አሚሻቭ ሰፈር፣ ከልጄ ከዝናሽ ጋራ ነኝ። እዚህ ክረምቱ ዝናብ እንጂ የወገራ ጭጋግ የለውም፤ ሰውም ደረጃ ላይ ሲያገኝሽ ሻሎም ብሎ ያልፋል፣ ልጆቹስ ከብቱስ ብሎ አይጠይቅም። ሰው በወጣ በወረደ ቁጥር የትርንጎን እርምጃ የሰማሁ ይመስለኛል።

ዝናሽ ለቤተሰቡ የስልክ ግሩፕ ቦት ሠራች፤ ሰው ሳይሆን ለጠየቁት መልሶ የሚጽፍ። የሠራችው ፐርል በሚሉት ያረጀ የኮምፒውተር ቋንቋ ስለሆነ ሥራ ቦታዋ ይስቁባታል። የጎደለውን ፕሮግራም ከኢንተርኔት ስታወርድ፣ የይለፍ ቃሉን ስታስገባ ሁለት ቀን ፈጀባት። መጀመሪያ የኛን ፊደል አላውቅ ብሎ የጥያቄ ምልክት ብቻ ደረደረ፤ አንድ መስመር ብትጨምርለት አማርኛ ጻፈ። ቀጥላ የያንዳንዱ ሰው ስምና የት እንዳለ የሚጻፍበትን ፋይል ከፈተች፤ ቦቱ እከሌ የት ነው ሲሉት ከዚያ አይቶ ይመልሳል። እኔ እጠራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች፤ የሞቱትንም ጭምር። ትርንጎ ላይ ስንደርስ ስሟን ጽፋ ጣቷ ቆመ።

"እማዬ፣ ምን ልበል?"

"ተያት። መርዶ በማሽን አይነገርም።"

"በሰደር፣ እሺ" ብላ ስሟን አጠፋችው። ፋይሉ ውስጥ ለማይገኝ ስም የሚሰጠውን መልስ ግን አስቀድማ ጽፋ ነበር፤ ሁለታችንም አላሰብነውም።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ከጎንደር ደወሉ። ምራታቸው ትርንጎ የት ናት ብላ ጽፋላቸው ኖሯል። ቦቱም ወዲያው "በዚህ ስም የሚጠራ ሰው ቤተሰባችን ውስጥ የለም" ብሎ መልሷል።

አልጮሁም። "ሞታለች ብትዪኝ አለቅስ ነበር" አሉኝ። "ጭራሽ አልነበረችም ትሉኛላችሁ? እኔ ታዲያ ፀጉር ስሠራ የኖርኩት የማንን ነው?"

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

"እትዬ፣ አጠገብዎ ሰው አለ?"

በኛ አገር ይህ ለምን እንደሚጠየቅ የማያውቅ የለም።

"የለም። ምራቴ ገበያ ሄዳለች።"

"እንግዲያው ጎረቤት ይጥሩ። እጠብቃለሁ።"

ስልኩን ሳይዘጉ አስቀመጡት። በር ሲከፈት ሰማሁ፤ ቆይቶ ሴቶች ሲገቡ፣ በርጩማ ሲሳብ። ምን ሆነ ብላ የጠየቀች የለችም። ኋላ አንዷ ስልኩን አነሳችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ተሰብስበናል" አለችኝ።