ሙሄ የት ቆሞ ነበር?

የተበደልኩት ይመዝገብልኝ፤ ያላየ ሰው እንዳየ ሆኖ ተናገረብኝ፤ በእሱም ቃል ከትምህርት ቤት ቀረሁ።

ትናንት የልጅ ልጄ ሀያት የቤት ሥራዋን ጮክ ብላ ስታነብ ነው የድሮው ቁጭት የተነሳብኝ። «ታሪኩን የሚናገረው ማን ነው? ከየት ሆኖ ያያል?» ይላል ደብተሯ። የምለቅመውን ምስር ገፋ አድርጌ ተነሳሁ።

ነገሩ የሆነው በልጅነቴ ነው፤ ያኔ ሦስተኛ ክፍልን ጨርሻለሁ። ሐምሌ ነው። አባቴ ከጎረቤታችን ጋር በጋራ የገዛትን ጊደር ከሐይቅ ከተማ ገበያ እኔና ታላቅ ወንድሜ ሙሄ ወደ አርዲቦ፣ ወደ ቤታችን እንድንወስድ ላከን። መንገዱ ጭቃ፣ ሰማዩ ጥቁር ነበር። ወንዙ ዳር ስንደርስ ሙሄ «አንቺ ሳቢ፣ እኔ ከኋላ እነዳለሁ» አለኝ። ገባሁ። መሀል ላይ ጊደሯን አዳለጣት። «ሙሄ!» ብዬ ተጣራሁ። ዞር ብል ሰው የለም። ገመዱ መዳፌን ልጦት ወጣ፤ ጊደሯን ጎርፍ ወሰዳት።

በማግስቱ ከዙሁር ሶላት በኋላ ሽማግሌዎች የጊደሯን ነገር ሊያዩ ተቀመጡ። ሙሄ ቆሞ «ገመዱን እየሳቀች ለቀቀችው» አለ። አፌን ስከፍት አንደኛው «ወንድምሽ ተናግሯል፤ ዝም በይ» አሉኝ። እነዚሁ ሰዎች ለአንድ ክንድ የድንበር መሬት ምስክሩን ቦታው ድረስ ወስደው «የት ቆመህ አየህ?» ይሉታል። ለእኔ ወንዙ ድረስ የሄደ የለም። አባቴም «በሳቅ ከብት ለምታስወስድ ፊደል ምን ሊያደርግላት!» አለ። መስከረም ላይ ጓደኞቼ ሲመለሱ እኔ ቀረሁ።

ሙሄ ይህን በየሠርጉ ያወራል፤ እኔ ወጥ ሳወጣ ሰዉ ይስቃል። አንዳንዴ ራሴን በእሱ ዓይን አየዋለሁ፤ ምናልባት ስቄ ይሆን እንዴ እላለሁ። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ሀያትን ከነደብተሯ ባጃጅ ላይ አሳፍሬ ወደ ሙሄ ቤት ሄድኩ። ሙሄ ደጁ ላይ ፀሐይ ይሞቃል።

«ተነስ፣ ወንዙ ድረስ እንሂድ።»

«አብደሻል ከዲጃ? በየትኛው ጉልበቴ!»

«እንግዲያው እዚሁ መልስ። ገመዱን ስለቅ የት ቆመህ አየኸኝ?»

«ወይ አንቺ! ይህን ሁሉ ዘመን ይዘሽው ኖሯል?» ብሎ ሳቀ።

ሀያት አልሳቀችም። እስክሪብቶዋን አወጣች። «አባባ፣ የት ብዬ ልጻፍ?»

ሙሄ ደብተሩን አየ። ከዘራውን አገላበጠ።

«ወንዙ ዳር ከነበረው ሾላ ዛፍ ጀርባ» አላት። «ዝናቡን ተጠልዬ ቂጣዬን እየበላሁ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ስትስቂ አላየሁም፤ ስትጠሪኝ ግን ሰምቻለሁ።»