ሀብቱ ከላይ የነበረው መሬት

ልጅ ሳለሁ፣ ልደታ በነበረን የቀበሌ ቤት መብራት ሲጠፋ እኔና ታናሽ እህቴ ደስ ይለን ነበር። ያኔ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች የከሰል ምድጃቸውን ደጃፍ ያወጡና፣ ጭሱ ዓይናችንን እየቆጠቆጠን፣ በቆሎ እየጠበሱ ስለ ወላጆቻቸው ያወሩልናል።

አባታቸው ያደጉት ቆላ ነው፤ ዛፍ አልፎ አልፎ ብቻ የሚታይበት ሰፊ የሣር አገር። ትዳር ሲይዙ ግን የሚስታቸው ዘመዶች ወደሚኖሩበት፣ ፀሐይ መሬት ወደማይነካበት የደቡብ ምዕራብ ደን ሄደው ሰፈሩ። የዛፎቹን ግዝፈት አይተው፣ «ይህን ሁሉ ያሳደገ መሬት በቆሎማ እንዴት አያሳድግ!» አሉ።

«ተው፣ ይህ ጫካ የሚበላው የራሱን ቅጠል ነው፤ ከታች ምንም የለውም» አሏቸው ሚስታቸው።

አልሰሙም። ቆርጠው፣ አቃጥለው ዘሩ። የመጀመሪያው ዓመት በቆሎ ሰው ይደብቅ ስለነበር አባት በየቤቱ እየዞሩ እሸት አደሉ። በሚቀጥለው ዓመት አጠረ። ከዚያ ዝናቡ አመዱንና ያችን ስስ ጥቁር አፈር ጠራርጎ ወሰዳት፤ ቀዩ መሬት አግጦ ቀረ፣ በቆሎውም ገርጥቶ ከጉልበት ሳያልፍ ቆመ።

«የሣሩ አገር አፈርስ?» አለች እህቴ።

«እዚያማ ዝናቡ ትንሽ ነው፣ አፈሩን አጥቦ አይጨርሰውም» አሉ እትዬ ዘነበች ፍሙን እየቆሰቆሱ። «ሣሩ በጋ በመጣ ቁጥር ይደርቃል፤ ሥሩ እዚያው መሬት ውስጥ ይበሰብስና ያጠቁረዋል። አባቴ የለመዱት ሀብቱ ከታች ያለ መሬት ነው። የኛው ሀብቱ ከላይ፣ ዛፉና ቅጠሉ ላይ ነበር።»

አባት አፍረው ከሰው ራቁ። አንድ ማለዳ፣ «አገሬ እገባለሁ» ብለው ጓዛቸውን አሰሩ። እትዬ ዘነበች ያኔ ልጅ ነበሩ፤ ከማን ጋር እንደሚቀሩ የነገራቸው ስላልነበር በር ላይ ቆመው ያለቅሱ ነበር። እናታቸው ግን ቅርጫት አንስተው ወደ ጫካው ገቡ፤ የረገፈ ቅጠል ሞልተው መጡና የተራቆተው ማሳ ላይ ደፉት። ደግመው ሄዱ። አባት ቆመው ሲያዩ ቆዩ፤ ከዚያ ጓዙን መሬት አስቀምጠው ተከተሏቸው።

ማሳው ዳግመኛ ደህና በቆሎ አልሰጠም። ቀስ እያለ ቁጥቋጦ ለበሰ፤ ዛፉ ሲመለስ ከጥላው ሥር ቡና ተከሉ። ኑሯቸው ጠባብ ነበር፤ ግን አብረው አረጁ።

«እናትዎ አባትዎን ‹ነግሬህ ነበር› አላሏቸውም?» አልኳቸው።

«እኔ እስከማውቀው አንድም ቀን» አሉ እትዬ ዘነበች።

ስለ አፈር በኋላ ትምህርት ቤት ብዙ ተምሬ ነበር፤ አብዛኛው ጠፍቶብኛል። እኚያ አይቻቸው የማላውቅ እናት ግን አልጠፉብኝም። ዛሬ ባለቤቴ ተሳስቶ አንገቱን ደፍቶ ሲገባ ያ ቃል ምላሴ ላይ ይመጣል። አንዳንዴ ያመልጠኛል። አንዳንዴ ግን ዋጥ አደርገውና፣ «ና፣ አብረን እንየው» እለዋለሁ።